የተጣመመው ገጽ

ዓሻ መርፌ ለመወጋት የሰበሰበችውን እጅጌ መልሳ ሳታወርድ ሞተች። ኢንስፔክተር አቦኮር ክሊኒኩ ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልጋው ላይ ነበር። ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አብራው የመጣችው ሳጅን ሳህራ ጠጋ ብላ እጅጌውን እስከ አንጓዋ ጎትታ ሸፈነችላትና "ኢና ሊላሂ" አለች።

በሩ ላይ የሟች ወንድም ሻኪር ይጮኻል። ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘውታል።

"ነግረናቸዋል! ፔኒሲሊን አይስማማትም ብለን ከድሮ ጀምሮ ነግረናቸዋል! ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተጽፏል! የታለች ያቺ ሐበሻ? ወዲህ አምጧት!"

ያቺ ሐበሻ ከድንበር ማዶ ለሥራ የመጣችው ነርስ ጸደንያ ነበረች። ጥግ ላይ ቆማለች፤ ጓንቷን አላወለቀችም። ሻኪር በሶማሊኛ የሚለው ሁሉ አልገባትም፤ የገባት ግን በቂ ነበር።

አቦኮር ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞረ። "ኮምፒውተራችሁን አሳዪኝ።"

ሮዳ ትባላለች፤ የክሊኒኩ ባለቤት የዶክተር ሀርቢ የእህት ልጅ ናት። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰደችውና የዓሻን ስም ጻፈች። ያረጀ፣ አመድማ፣ ነገር ግን ሥርዓት ያለው ገጽ ተከፈተ። ስሙ በቦታው፣ ቀኑ በቦታው፣ ቁልፎቹ ከላይ በአንድ መስመር። ሮዳ የፔኒሲሊንን ስም ስትነካ መሐል ላይ ቀይ ሳጥን ዘሎ ወጣ። ለዚህች ሕመምተኛ ይህ መድኃኒት የተከለከለ ነው ይላል። ሳጥኑን "አንብቤያለሁ" ብለው ካላለፉት ሌላ ነገር አይንቀሳቀስም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"የተከለከለ ነገር ላለበት ሰው ብቻ። ለሌላው ምንም አይወጣም።"

አቦኮር ከስክሪኑ ታች ያለውን ቀን አየ። "ይሄ ያለፈው ዓመት ነው የሚለው።"

"እሱ እንደዚያ ነው" አለች ሮዳ ቶሎ ብላ። "ዋሊድ የሚባል ኮምፒውተር ሠሪ ነበረን፣ እሱ ነው ያደረገው። አትንኩት ብሎናል።"

"የት ነው አሁን?"

"ከዶክተሩ ጋር ተጣልቶ ወጣ።"

አቦኮር ወደ ጸደንያ ተመለሰ። ጓንቱን ራሱ አወለቀላትና እጇን ለካቴናው አዘጋጀ።

ጣቢያ ሲደርሱ በአማርኛ ሲያናግራት ደነገጠች።

"አማርኛ ከየት አመጡት?"

"ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሳጥኑን ሳታነቢ አለፍሽው።"

"አላለፍኩትም። አልወጣም።"

"አሁን በዓይኔ አይቼው መጣሁ።"

"ለእርስዎ ወጥቶ ይሆናል። ለእኔ አልወጣም።"

"ኮምፒውተሩ ሰው ይመርጣል?"

"እንጃ!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ካቴናው ተንኳኳ። "ይጠይቁት! ገጹ ራሱ ጤነኛ አልነበረም። ተጣሞ ነበር። ስሟ ቀኑ ላይ ወጥቶ፣ ቁልፎቹ ወደ ታች ተንሸራተው አንዱ ካንዱ ተደራርበው፤ መድኃኒቱን የምነካበትን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገርሽም?"

"ስንቱን ልናገር? መብራት ይጠፋል፤ ጓንት ያልቃል። ለዶክተሩ ምንም ብነግረው መልሱ 'ሥራሽን ሥሪ' ነው። ገጽ ተጣመመብኝ ብዬ ልጩህ? ተከፍቷል፤ ስሟ አለ፤ መድኃኒቱ አለ። ሠራሁ።"

"እሷንስ? አፍ የላትም? አልጠየቅሻትም?"

ጸደንያ እጇን ከጠረጴዛው አነሳች።

"ጠየቅኋት። በዚህች በተሰባበረች ሶማሊኛዬ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ አልኳት። ጉሮሮዋ ቆስሏል፤ መናገር ያማታል። በጣቷ ኮምፒውተሩን አሳየችኝ። እናንተ ጋ ተጽፏል አለች። አየሁ። ምንም አልነበረም። እሷም አመነችው፣ እኔም አመንኩት። አሁን የታሰርኩት እኔ። እሱ ኮምፒውተር ለምን አይታሰርም?"

አቦኮር ተነስቶ ወጣ።

አለቃው ኮሎኔል ሀምሴ ቢሮው ውስጥ ስልክ ያወራ ነበር፤ እስኪጨርስ ጠበቀው።

"በዚያ ጉዳይ ብዙ አትድከም" አለው ኮሎኔሉ። "የሟች ወገኖችና የዶክተሩ ወገኖች ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነገ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ይቋጩታል።"

"ምን ብለው?"

"ጥፋቱ የነርሷ ነው ብለው። ዶክተሩ ለቤተሰቡ ካሳ ይከፍላል፣ ክሊኒኩ ይከፈታል፣ እሷ ወደ ወህኒ።"

"ለእሷስ ማን ተቀመጠላት?"

"ማን ይቀመጥላት? እዚህ አገር ጎሳ አላት?"

"ስለዚህ ጎሳ የሌለው ገዳይ ይሆናል።"

"አቦኮር! ድሬዳዋ ስላደግክ አንጀትህ ተንሰፈሰፈ?"

"አንጀቴን ተወው። ኮሎኔል፣ ውሸታም ሰው የሚጠቅመውን ነው የሚዋሸው። 'ሟቿ አልነገረችኝም' ባለች፣ 'መብራት ጠፋ' ባለች ነበር። ገጹ ተጣሞ ነበር ብሎ የሚዋሽ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ምን ይጠቅማታል?"

"እስከ ነገ አሱር" አለ ኮሎኔሉና ስልኩን መልሶ አነሳ።

ዶክተር ሀርቢ በማግስቱ ጧት ራሱ ወደ ጣቢያው መጣ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ።

"በርበራ ነበርኩ" አለ ሳይጠየቅ። "ከሞቷ ዋዜማ ከሰዓት ወጥቼ የዘመዴ ሰርግ ላይ አደርኩ። የተመለስኩት እናንተ አስከሬኑን ካነሳችሁ በኋላ ነው። የፈለግከውን ጠይቅ።"

"ገጹ ይጣመማል?"

"ምን?"

"ነርሷ ገጹ ተጣሞ ነበር ትላለች።"

ሀርቢ ሳቀ። "የተጣመመችው እሷ ናት። በዚህ ሰፈር እንደኔ በኮምፒውተር የሚሠራ ክሊኒክ አታገኝም። ሳጥኑ ይወጣል፤ አንተም አይተኸዋል። ሰው ካላነበበ ምን ላድርግ?" ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ዋሊድን ጠይቀው። ሳባርረው 'ታዩታላችሁ' ብሎኝ ነው የወጣው። በሩ ላይ ቆሞ። ሮዳም ሰምታለች።"

ሲወጣ ሳህራ ወደ በርበራ ስልክ መታች። ሙሽራውን፣ የሙሽራውን አባት፣ ድንኳን የተከለውን ሰው ሳይቀር አናገረች።

"እውነቱን ነው" አለች ስልኩን እየዘጋች። "እንዲያውም ጧት ቁርስ ላይ ስልክ ተደውሎለት ከማዕድ ተነስቶ ወጣ ብሏል ይላሉ። በቃ፣ እዚያው ነበር።"

"እንግዲያው ዋሊድ።"

"እንግዲያው ዋሊድ" አለች ሳህራ። "ዛቻ፣ ቂም፣ ኮምፒውተር ማወቅ። ምን ቀረው?"

ከተማው መሐል ያለው ዋሄን ገበያ መኪና አያስገባም። ከገንዘብ መንዛሪዎቹ ጎን አልፈው፣ ከባድ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲገፋቸው፣ የዋሊድን ሱቅ አገኙ። ከሱቅ ይልቅ ቁም ሳጥን ይመስላል። ዋሊድ አዲስ አበባ የተማረ ወጣት ነው፤ አቦኮርን ሲያይ በአማርኛ ጀመረ።

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! ፖሊስ ወደ እኔ የሚመጣው ስልክ ለማሠራት ብቻ ነበር፤ ያውም በነጻ።"

"የሀርቢን ክሊኒክ ኮምፒውተር ነክተሃል?"

"ከተባረርኩ ወዲህ? በዚያ በር እንኳ አላልፍም። በስንት ሰው ፊት ሌባ ብሎኛል።"

"ከሩቅ ሆነህስ?" አለች ሳህራ።

"እህቴ፣ ያን ማሽን እኮ ከቅርብም መንካት መከራ ነው። ቀኑ የተሳሳተ ነው፤ የውጭ ኢንተርኔት አይከፍትም።"

"ቀኑን ማን አሳሳተው?"

"እኔ" አለ ዋሊድ። ከዚያ የሁለቱን ፊት አይቶ ሳቁን ተወ። "ሴትዮዋ የሞተችው... በሱ ነው እንዴ?"

"ለምን እንዳሳሳትከው ንገረኝ" አለ አቦኮር። "እንደማላውቅ አድርገህ።"

ዋሊድ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። "የክሊኒኩ ገጽ የተሠራው ለአንድ አሮጌ ብራውዘር፣ ለኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ነው። ያ ብራውዘር ሞቷል፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አስቁመውታል። ግን በእሱ ብቻ የሚሠሩ ገጾች በዓለም ሞልተዋል፤ ባንኩም መሥሪያ ቤቱም። ሁሉን በአንድ ቀን መጣል አልቻሉም። ስለዚህ አዲሱ ብራውዘር አሮጌውን በሆዱ ይዞት ይዞራል። 'ይህን ገጽ እንደ ድሮው ክፈትልኝ' ትለዋለህ፤ ይከፍትልሃል። ፈቃዱ ግን የወር ነው። ወር ሲሞላ ያልፍበታል፤ እንደገና ትነግረዋለህ።"

"ለምን ወር?"

"ሰው ሰልችቶት ገጹን እንዲያድስ ነዋ! ሀርቢን የሰለቸው ግን አሮጌው ገጽ ሳይሆን እኔ ነኝ። በየወሩ ስመጣ ፊቱ ይጠቁራል። በመጨረሻ ፈቃዱን ሰጠሁና የኮምፒውተሩን ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለስኩት። ለማሽኑ ወሩ የሚሞላው ከዓመት በኋላ ይሆናል ማለት ነው። ማታለያ ነው። ማታለያ መሆኑንም ነግሬዋለሁ።"

"ቀኑን አንድ ሰው ቢያስተካክለውስ?"

"ፈቃዱ እዚያው ያልፍበታል። አዲሱ ብራውዘር ገጹን በራሱ ልማድ ይከፍተዋል። ይከፈታል እኮ! ክፋቱም እሱ ነው፤ ባይከፈት ሰው ይጮህ ነበር። ይከፈትና ይጣመማል። ስሙ ቀኑ ላይ ይወጣል፣ ቁልፎቹ ይንሸራተታሉ።"

ሳህራ አቦኮርን አየችው። አቦኮር ዓይኑን ከዋሊድ አላነሳም።

"ቀዩ ሳጥንስ?"

"ጭራሽ አይወጣም። ሁሉን አስቁሞ መልስ የሚጠብቅ እንደዚያ ያለ ሳጥን አዲሶቹ ብራውዘሮች ጥለውታል። ድምፅ የለ፣ ስሕተት የለ፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሳጥኑ የሚመለሰው ቀኑ መልሶ ወደ ኋላ ከተወሰደ ብቻ ነው። ሀርቢን ፊቱ ቆሜ ነግሬዋለሁ። ቀኑን የነካ ሰው ይገድላል፤ ገጹን አሳድሰው አልኩት። ሥራ ለማግኘት የምታወራው ነው ብሎ አባረረኝ። 'ታዩታላችሁ' ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ወላሂ ለመዛት አልነበረም።"

"ማን ሊነካው ይችላል?"

"የውጭ ኢንተርኔት የፈለገ ሰው። ቀኑ ካልተስተካከለ ምንም አይከፍትለትም። ጥሩ መስመር ያለው ደግሞ እዚያ ክፍል ብቻ ነው።" ዋሊድ ድንገት ስልኩን አነሳና የክሊኒኩን ፌስቡክ ከፈተ። ጣቱ ቆመ። "ጋሼ፣ ይሄን ይዩት።"

ሀርቢ ሙሉ ልብስ ለብሶ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ሦስት ፈረንጆች ይታያሉ። ዶክተሩ ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር በቪዲዮ ተወያየ ይላል ጽሑፉ። የተለጠፈው ዓሻ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ነው።

"ይህ ስብሰባ የተከፈተው ቀኑ ተስተካክሎ ነው" አለ ዋሊድ። "ሌላ መንገድ የለውም። ለፎቶ ብሎ!"

"ከስብሰባው በኋላ በርበራ ሄደ" አለች ሳህራ። "ቀኑን ሳይመልሰው። ግን እኛ ስንደርስ ያለፈው ዓመት ነበር የሚለው። እሱ በርበራ ከሆነ ማን መለሰው?"

አቦኮር መንገዱን ጀምሮ ነበር።

ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ ሮዳ ግን ውስጥ ነበረች። አቦኮር ምንም ሳይላት ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገባ፤ ተከተለችው። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን አስተካከለ። ብራውዘሩን ዘግቶ ከፈተ። የዓሻን ስም ጻፈ።

ገጹ ተጣሞ ተከፈተ። የዓሻ ስም የቀኑ ቁጥር ላይ ተጭኗል፤ ቁልፎቹ ወርደው ተደራርበዋል። ልክ ጸደንያ እንዳለችው። አቦኮር ከመሐላቸው የፔኒሲሊንን ስም ፈልጎ ነካ። ምንም አልወጣም። ስክሪኑ መድኃኒቱን ተቀበለና ዝም አለ።

"ጠብቂ" አላት። "ምናልባት ይወጣ ይሆናል።"

ቆሙ። ሮዳ ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች።

"አጎቴ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ጸደንያ ስትጮህ ደወልኩለት። አንዲት ሕመምተኛ መርፌ ተወግታ ሞተችብን አልኩት። ወዲያው 'ኮምፒውተሩ ቀኑ ስንት ነው የሚለው?' አለኝ።"

"አንቺስ?"

"የዛሬውን ይላል አልኩት። 'ዋሊድ ወዳደረገው መልሺው። ከዚያ ፖሊስ ጥሪ' አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ወላሂ።"

"ያን ጊዜ አልገባሽም። እኔ መጥቼ ሳጥኑን ስታሳዪኝስ? ጸደንያን በዓይንሽ ፊት ሳስራትስ?"

ሮዳ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች።

"ማን እንደሞተች ስትነግሪው ምን አለ?"

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"አልጠየቀኝማ" አለች ሮዳ፤ አሁን ነው ያለቀሰችው። "ማን እንደሞተ አልጠየቀኝም።"

ሽማግሌዎቹ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ በሀርቢ ወንድም ግቢ፣ በዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሻይ በወተት ይዞራል። ሻኪር ከወገኖቹ መሐል ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። አቦኮር ሳህራንና ሮዳን አስከትሎ ሲገባ ሀርቢ ተነሳ።

"ኢንስፔክተር፣ እዚህ ምን አመጣህ? ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።"

"ሽማግሌዎቹ ያልሰሙት ነገር አለ።"

ነገራቸው። አሳጥሮ ነገራቸው፤ ስለ ብራውዘር አላብራራም። ዋሊድ ሀርቢን አስጠንቅቆት እንደነበር፣ ለስብሰባው ብሎ ቀኑን እንዳስተካከለ፣ ማስጠንቀቂያው በዚያ ምክንያት እንደጠፋ፣ ከሞቷ በኋላ በስልክ አዝዞ እንዳስመለሰው። ሮዳ መሬት መሬት እያየች "እውነት ነው" አለች።

"ማንንም አልገደልኩም!" አለ ሀርቢ። "በርበራ ነበርኩ!"

"ነበርክ። አልተጠራጠርኩህም።"

"ገጹን እኔ አልሠራሁትም! ብራውዘሩን እኔ አልቀየርኩትም! የፈረንጅ ኩባንያ በየጊዜው ነገር እየለዋወጠ እኔ ምን ላድርግ? በየወሩ ኮምፒውተር ሳስታምም ልዋል?"

"ዋሊድ ሊያስታምምልህ ነበር። አባረርከው።" አቦኮር ድምፁን አልጨመረም። "ኩባንያው ምንም ቢለውጥ፣ ልጅቱን እስር ቤት የከተታት ኩባንያው አይደለም። ሰው ሞተ ሲሉህ የጠየቅከው ስለ ቀኑ ነው። የሞተችው ማን ናት አላልክም። እናት ትሁን፣ ልጅ ትሁን፣ የጎረቤትህ ሚስት ትሁን፣ አላልክም።"

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ "ነገሩ ቢሆንም በእርጋታ..." ሲል ሻኪር ተነሳ። ወደ ሀርቢ ይሄዳል ብለው ሁለት ሰዎች ሊይዙት ብድግ አሉ። እሱ ግን ወደ ራሱ ወገኖች ዞረ።

"ተነሱ" አላቸው።

"ሻኪር፣ ልጄ..."

"የዚህን ሰው ሻይ አስቀምጡና ተነሱ!"

አንድ በአንድ ተነሱ። ሳህራ ሀርቢን በክንዱ ያዘችው።

ማምሻውን ኮሎኔል ሀምሴ የጸደንያን የመልቀቂያ ወረቀት ፈረመ። "በጓሮ በር አስወጣት" አለ። "የሟች ወንድም ከፊት ለፊት መኪናውን አቁሟል።"

አቦኮር በፊት ለፊቱ በር አወጣት።

ሻኪር መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጸደንያ ስታየው ደረጃው ላይ ቀረች፤ ወደ ኋላ ግን አልተመለሰችም።

"ጠይቃት" አለ ሻኪር በሶማሊኛ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ። "መጨረሻ ላይ እህቴ ምን አለች?"

አቦኮር በአማርኛ ነገራት።

"መርፌው ያማል ወይ አለችኝ" አለች ጸደንያ። "አያምም አልኳት።"

አቦኮር ተረጎመ። ሻኪር ከተደገፈበት ቀና አለ።

"ይቅርታ አልጠይቃትም በላት። ሰው የነገረኝን ነው ያመንኩት።"

"እኔም አልጠይቀውም በለው። እኔም እንደዚያው ነኝ።"

ሁለቱም ወደ ሌላ ቦታ አዩ። በመንገዱ ላይ አንድ ሚኒባስ እየጮኸ አለፈ።

"ወደ ቤትሽ ላድርስሽ?" አላት አቦኮር። "ቤትሽ ጋአን ሊባህ ሰፈር አይደል?"

"ቤት አልሄድም። ፓስፖርቴ ክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስቀጠር ዶክተሩ ቀምቶኛል። ዛሬውኑ አምጡ እላቸዋለሁ፤ ካልሰጡኝ በሩ ላይ አድራለሁ።"

"ምን አለች?" አለ ሻኪር።

አቦኮር ነገረው። ሻኪር የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"የእህቴን ጫማ አልሰጡኝም" አለ። "አልጋው ሥር ቀርቷል። ትግባ በላት፤ እኔም ወደዚያው ነኝ።"

ጸደንያ አቦኮርን አየች፤ ከዚያ መኪናውን። ወርዳ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቃ ዘጋችው። ሻኪርም ገብቶ የራሱን ዘጋ፤ እንደዚያው አድርጎ።